ጥዳችንን የገደለው ኮብልስቶኑ ነው ወይስ ድርቁ? ቀለበቱን ብቆጥር አልገጠመልኝም

የሚዛን ሠራተኛ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደን አላጠናሁም፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ያልገጠመ ሚዛን ካደረ እንቅልፍ አይወስደኝም። አሁን ያልገጠመልኝ ደግሞ የእንጨት ቁራጭ ነውና ሳቁብኝ።

ጉለሌ ባለው የወላጆቼ ግቢ፣ በአጥሩ ጥግ፣ አንድ የሀበሻ ጥድ ነበር። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ታላቅ እህቴ በተወለደችበት ክረምት፣ ሐምሌ 1959፣ ጉልበት የማይደርስ ችግኝ ሳለ የተከለው ነው። ገና በመጣ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ቅርንጫፍ ሊለምን ይመጣ ነበር፤ እናቴም "ከታች በኩል ብቻ!" እያለች ቆማ ታስቆርጣለች። ከስድስት ሰባት ዓመት ወዲህ ግን ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። ከላይ ወደ ታች እየተራቆተ መጣና አንድ ቀን ደረቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጎረቤት ቆርቆሮ ሲበሳ፣ ጥር 2016 ላይ አስቆረጥነው። ቆራጩን ለምኜ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ካለበት ቦታ አራት ጣት ውፍረት ያለው ክብ ቁራጭ አስቀርቻለሁ። ልቡ ቀይ ነው፤ ሽታው ልክ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ።

ቤት ውስጥ ክርክር አለ። ወንድሜ "የ2007ቱ የኤልኒኖ ድርቅ ነው የጨረሰው" ይላል። እኔ ደግሞ መጋቢት 2003 የሠፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ፣ ከአጥራችን ሥር ቦይ ተቆፍሮ የክንዴን ውፍረት የሚያህል ሥር በዶማ እየተቆረጠ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ። እናታችን ሁለታችንንም አትሰማም፤ "ዓይን ነው፤ ያ ሁሉ ሰው እያደነቀው ሲያልፍ" ትላለች።

እንግዲህ ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁና ራሱን ልጠይቀው ብዬ ቁጭ አልኩ። ሒሳቡ ቀላል መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ክረምት የ1959፣ የመጨረሻው የ2015፤ ጥር 2016 ሲቆረጥ የዚያ ዓመት ዝናብ ገና አልመጣም። ስለዚህ 57 ክረምት፣ 57 ቀለበት። ወደ ቤቱ በሚያየው በሰፊው በኩል ቆጠርኩ፦ 66። ወደ መንገዱ በሚያየው በጠባቡ በኩል ቆጠርኩ፦ 52። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። እምብርቱ መሀል ላይ አይደለም፤ ከእምብርቱ እስከ ቅርፊቱ በቤቱ በኩል 22 ሳንቲ ሜትር፣ በመንገዱ በኩል 15 ነው። በመንገዱ በኩል ከቅርፊቱ ሥር ያሉት ቀለበቶች እንደ መጽሐፍ ቅጠል ስለተጣበቁ የአባቴን የሰዓት ሠሪ ሌንስ ይዤ እንኳ ዓይኔ ይደክማል።

አንድ ዛፍ በአንድ ጎኑ 66፣ በሌላው 52 ዓመት እንዴት ይሆነዋል? ደግሞስ የድርቅን እጅና የዶማን እጅ ከዚህ ቁራጭ ላይ መለየት ይቻላል? የምታውቁ ንገሩኝ።


አናጢ ነኝ

እህት፣ ከቁጥሩ በፊት እንጨቱን አድኚ። ክብ ቁራጭ ፀሐይ ላይ ከዋለ እንደ ዳቦ ይሰነጠቅና ቀለበትሽን ለሁለት ይከፍለዋል። ጥላ ውስጥ፣ ከሥሩ ሞራሌ አስገብተሽ፣ አየር በሁለቱም በኩል እንዲያገኘው አድርገሽ አስተኚው። የማትቆጥሪበትን ፊት ኮላ ቀቢው፤ መድረቁን ያዘገየዋል።

በመጋዝ የተቆረጠ ፊት ላይ ቀለበት መቁጠር ደግሞ ለፍቶ መና ነው። የመጋዙ ጥርስ ራሱ መስመር ይሠራል፤ ማን ያውቃል ከ66ቱ ውስጥ የመጋዙ ልጆች ይኖሩ ይሆናል። ብርጭቆ ወረቀት ግዢ፦ በ80 ጀምሪ፣ 120፣ 240፣ ከዚያ 400 ካገኘሽ ጨርሺበት። ቁጥር ሳትዘዪ ሂጂ፤ ከ80 ዘለሽ 400 ብትገቢ የ80ው ጭረት አይጠፋም። እንደ መስታወት ሲለሰልስ እርጥብ ጨርቅ አሳልፊበት፣ መስመሩ ፍጥጥ ይላል። ቫርኒሽ እንዳትቀቢ!

ሌላ የታዘብኩት ነገር ልጨምር። ዘንበል ብሎ ያደገ ጥድ ወደ ዘነበለበት ጎኑ ቀለበቱ ሰፊ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ እንጨቱ ለመላጊያ የማይመች ይሆናል። ከዚያ ጎን የወጣ ጣውላ ውሎ ሳያድር ይጣመማል። ያንቺው ዘንበል ያለ ነበር? 22 እና 15 ያልሽው ጠረጠርኩት።


የደን ሰው፣ ወንዶ ገነት

እህቴ፣ አናጢው ወንድማችን ግማሹን ሥራዬን ሠርቶልኛል፤ የቀረውን ልሞክር።

"አንድ ዓመት፣ አንድ ቀለበት" የሚለው አባባል በረዶ ከሚጥልበት አገር የመጣ ነው። እዚያ በብርዱ ወራት ዛፉ ሱቁን ዘግቶ ይተኛል፤ በየዓመቱ የማይቀር ቀጠሮ ነው። እኛ ዘንድ ዛፉን የሚያስቆመው የመሬቱ መድረቅ ነው። ዝናብ ሲገባ ከቅርፊቱ ሥር ግድግዳቸው የሳሳ ሰፋፊ ሕዋሳት ይሠራሉ፤ ፈዘዝ ያለው ክፍል እሱ ነው። መስከረም አልፎ እርጥበቱ ሲሸሽ ሕዋሳቱ ይጠባሉ፣ ግድግዳቸው ይወፍራል፤ ጥቁሩ መስመር ይመጣል። ከዚያ በጋው።

አሁን በልግን አስቢ። መጋቢት ላይ ዘነበ፣ ጥዱ "ገባ!" ብሎ ማደግ ጀመረ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ተቋረጠ፣ ዛፉ ደንግጦ ጥቁሩን መስመር ጀመረ። ሰኔ ላይ እንደገና ዘነበ። በአንድ ዓመት ሁለት መስመር ተሠራልሽ። ሐሰተኛ ቀለበት የምንለው ይህ ነው፤ 66ቱን ያበዛብሽም እሱ ይመስለኛል። ሰሜን ጎንደር አካባቢ ዝናቡ በአብዛኛው በአንድ ክረምት ስለሚመጣ ጥዱ ለማንበብ ይመቻል። በልግ እየገባ እየወጣ በሚያታልልበት አገር ያለ ጥድ ግን ተንኮለኛ ነው።

52ቱ ደግሞ የሌላው ችግር ልጅ ነው። የተራበ ዛፍ ያለችውን ስንቅ ለጎኖቹ ሁሉ እኩል አያድልም። አንዱ ጎን ቀለበት ሲሠራ ሌላው ያን ዓመት ባዶውን ያድራል። ቀለበቱን በጣትሽ ተከትለሽ ብትዞሪ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል። በጥድ ላይ ይህ የተለመደ ነው።

አንድ ሦስተኛ ነገር ሒሳብሽ ውስጥ አምልጦሻል። ችግኙ ሲተከል ጉልበት አይደርስም ነበር ብለሻል፤ ቁራጩ ግን ከጉልበት ከፍታ ላይ ነው። ግንዱ እዚያ እስኪደርስ አንድ ሁለት ክረምት አልፏል። ስለዚህ 57 አትጠብቂ፤ 56 ወይም 55 ነው የሚሆነው።

ወጣት ሳለሁ መናገሻ ሱባ ደን ውስጥ የግንድ መሰርሰሪያ አሸክመው ይዘውኝ ሄዱ። ባዶ የብረት ቱቦ ነው፤ በሁለት እጅ እያዞርሽ ወደ እምብርቱ ታስገቢዋለሽ፤ በደረቀ ጥድ ውስጥ ሲዞር እንደ በር ማጠፊያ ይጮኻል። የሚወጣው እንጨት ከእስክሪብቶ ቀፎ ይቀጥናል፣ ለስላሳ መጠጫ ስትሮ ውስጥ ከተን ነበር ወደ ቤት የምንወስደው። ከአንድ ዛፍ በሁለት ጎን አወጣሁና ቆጠርኩ፣ በ9 ዓመት ተለያዩ። አለቃዬን በፍርሃት ብጠይቀው "ሦስተኛ ምስክር ጥራ" አለኝ። ሥራው በሙሉ ማመሳከር ነው። ቀጫጭኑና ሰፋፊው የሚፈራረቁበትን ዜማ በአንዱ መስመር ታነቢያለሽ፣ በሌላው ትፈልጊዋለሽ፤ ከዚያ በሌላ ዛፍ ላይ። አሜሪካዊው ዳግላስ ይህን ዘዴ ሲያቀና የሥነ ፈለክ ሰው ነበር፤ በ1937 እ.ኤ.አ. አሪዞና ውስጥ የቀለበት ቤተ ሙከራ እስከማቋቋም ደርሷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ከእምብርቱ እስከ ቅርፊቱ አራት መስመር በእርሳስ አስምሪ፤ አንዱ ወደ ቤት፣ አንዱ ወደ መንገድ፣ ሁለቱ በጎንና በጎን። ከቅርፊቱ ጀምረሽ ወደ ውስጥ ቁጠሪ፤ የተቆረጠበትን ቀን ስለምታውቂ የውጪው ቀለበት የ2015 ነው። በየአሥሩ አንድ ነጥብ አድርጊ። አጠራጣሪ መስመር ሲገጥምሽ በሌንሱ ጠጋ ብለሽ ጠርዙን እዪ፦ እውነተኛው ቀለበት ከጥቁር ወደ ፈዛዛ በድንገት ይቋረጣል፣ እንደ ምላጭ። ሐሰተኛው ግን በሁለቱም በኩል እየደበዘዘ ይጠፋል። ካልለየልሽ ዙሪያውን ተከትለሽ አራቱም መስመር ላይ መኖሩን አረጋግጪ።

ድርቅና ዶማን ስለመለየት። ድርቅ ሰፈሩን በሙሉ ይመታል፣ ዛፉንም ዙሪያውን። በቀለበቱ ላይ አንድ ሁለት ቀጫጭን ዓመት ታያለሽ፣ ጥሩ ክረምት ሲመጣ ይመለሳል። የሥር መቆረጥ ግን በተቆረጠበት ጎን ይጀምራል፣ በድንገት ይጀምራል፣ ለዓመታትም አይለቅም። ኮብልስቶን ሲጨመርበት ውሃውም አየሩም ወደ ሥሩ መግባት ይቸግረዋል። መብራት መስመር አለ ተብሎ ጫፉ የተቆረጠ ዛፍም በድንገት ይቀጥናል፣ እሱን ግን በሁሉም ጎን ነው የምታዪው። የከተማ ዛፍ ይህ ነው ጣጣው። የእንጦጦ ጥድ ስለ ሰማይ ብቻ ይነግርሻል፤ የመንገድ ዳር ጥድ ስለ ሰማይም፣ ስለ ቆፋሪውም፣ ስለ ጎረቤትም በአንድ አፍ ያወራል።

ስለ ወንድምሽ ኤልኒኖ አንድ ነገር ልበል። ሙሉጌታ ሞክርያ ከባልደረቦቹ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሰሜን ኢትዮጵያን ጥድ አንብቦ ዝናቡን እስከ 1811 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ቆጥሮታል። እጅግ ደረቅ ዓመት በአማካይ በየ8.8 ዓመቱ ይመጣል። ከነዚያ እጅግ ደረቅ ዓመታት ከኤልኒኖ ጋር የገጠሙት ግን 38.5 በመቶው ብቻ ናቸው። ኤልኒኖ የሁሉም ነገር ተከሳሽ ሆኖ አይቅረብ። 2007 ግን፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለዕለት ደራሽ እርዳታ የዳረገውን ክረምት፣ ቀጭን ሆኖ ብታገኚው አልደነቅም።

አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ፤ አገራችን "የ77 ድርቅ" ይላል፣ የቀረው ዝናብ ግን የ1976 ክረምት ነው። በቀለበት ላይ 76ን ነው የምትፈልጊው። እሱንም ቢሆን ወሎ ላይ ያጠፋው ድርቅ ጉለሌ ላይ እኩል ጽፏል ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ የአዲስ አበባ ጣቢያ የዝናብ መዝገብ ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳልና እሱን አስተያዪ። ደግሞ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ሲመች! በልግ ላይ ተጀምሮ ክረምቱን ወፍሮ መስከረም ጥቅምት ላይ የሚዘጋ ቀለበት ከሞላ ጎደል በአንድ ዓመተ ምሕረት ውስጥ ይወድቃል።


ቢሾፍቱ_አካባቢ

ጣልቃ ልግባና፣ ግቢያችን ያለው ባሕር ዛፍ ላይስ ይሠራል?


የደን ሰው፣ ወንዶ ገነት

አይ፣ አትልፋ። ባሕር ዛፍ ውሃ እስካገኘ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሊያድግ ስለሚችል የሚታመን መስመር አይሰጥህም። ዝግባም ቢሆን በሙኔሳ ደን በግንዱ ላይ መለኪያ ታስሮ ሲታይ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ያለ ወቅቱም ቢሆን፣ የሚነቃ ሆኖ ተገኝቷል። ከሀገራችን ዛፎች ጥዱ ይሻላል። በስምጥ ሸለቆ ግራሮች ላይም አስቴር ገብረክርስቶስ ጥሩ ሥራ ሠርታለች፤ ናይሮቢ ላይ ያለውን የቀለበት ቤተ ሙከራ ያቋቋመችውም እሷ ናት።


ከድሬስደን

እዚህ ጀርመን የመንገድ ዛፎች በሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው፤ በጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳመላልስ ነው የምውለው። ጋሼ የጠቀሱት የግንድ መሰርሰሪያ የሠፈሬ ልጅ ነው፦ ከድሬስደን በባቡር ጥቂት ደቂቃ የምትርቅ ታራንት የምትባል ከተማ አለች፤ ፕሬስለር የሚባል የደን መምህር በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው እዚያ ነው። እስከ ዛሬ በስሙ ይጠሩታል።

ይህ የከተማ ዛፍ ነገር እዚህ በደንብ ተጠንቷል። በዚሁ በድሬስደን የመንገድ ዛፎችን ቀለበት አንብበው አምስት ዝርያ ሲያወዳድሩ፣ ሁለቱ የሜፕል ዓይነቶች በድርቅ ዓመት ክፉኛ ይቀጥናሉ፤ ፕላታን እና ሁለቱ የኦክ ዓይነቶች ግን ይችሉታል። አንዱ ጎዳና ላይ፣ በአንድ ዝናብ ሥር፣ ጎን ለጎን ቆመው! ስለዚህ እህታችን፣ የጎረቤትሽ ግራቪሊያ ለምልሞ ቆሟል ማለት ድርቅ አልነበረም ማለት አይደለም።

ሌላም ያስገረመኝ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ የሙኒክ ሰዎች ጥናት ከ10 ከተሞች 1,400 ገደማ ዛፍ ሰርስሮ ሲያይ፣ የከተማ ዛፍ ከገጠሩ ቀድሞ ያድጋል፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህም በከተማም በገጠርም ዕድገቱ ፈጥኗል። ሙቀቱ የዕድገቱን ወቅት ያረዝምለታል። ቶሎ ያደገ ግን ቶሎ ያረጃል ብለው ያስጠነቅቃሉ።

ከሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር። የከተማ ዛፍ ከልማዱ ወጥቶ ሰፊ ቀለበት ሲሠራ እኛ መጀመሪያ የምንጠይቀው "እዚህ የሚያፈስ ቧንቧ ነበር ወይ?" ብለን ነው። በጥሩ ክረምት ከማመካኘትሽ በፊት እናትሽን ጠይቂ።


የሚዛን ሠራተኛ (ጠያቂ)

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ጣቶቼ በብርጭቆ ወረቀት ተልጠዋል፣ ቤቱ በሙሉ ጥድ ጥድ ይሸታል፤ ሚዛኑ ግን ገጠመ!

ጋሼ እንዳሉት አራት መስመር አስምሬ፣ እያንዳንዱን ጥቁር መስመር በመርፌ ጫፍ እየተከተልኩ ዞርኩ። በቤቱ በኩል ከቆጠርኳቸው 66 ውስጥ 10ሩ ሐሰተኛ ናቸው፤ በሁለቱም ጠርዝ ይደበዝዛሉ፣ ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሄዱ የሚጠፉ አሉ። ሲቀነስ 56። በመንገዱ በኩል ደግሞ 4 ቀለበቶች ከጎን እየቀጠኑ መጥተው ሲዋጡ አገኘኋቸው። 52 ሲደመር 4፣ 56። ሁለቱ የጎን መስመሮችም 56 ብለዋል። ጋሼ፣ የችግኟ ነገር ልክ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ቀለበት የ1960 ነው ማለት ነው።

የመንገዱ ጎን። እስከ 2002 ድረስ ቀለበቱ በአማካይ ከ3 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ከዚያ፣ ከቅርፊቱ 13ኛው ላይ፣ ገደል ነው። ከ2003 እስከ 2015 ያሉት 13 ዓመታት ተደምረው 5 ሚሊ ሜትር አይሞሉም፤ የተዋጡት 4 ቀለበቶችም ሁሉም እዚያ ውስጥ ናቸው። ቦዩ የተቆፈረው መጋቢት 2003፣ ከክረምቱ ሦስት ወር በፊት። ሌንሱን አስቀምጬ ትንሽ አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። የዚያ ቀን ዝም ብዬ ማየቴ።

የቤቱ ጎን ግን ሌላ ወሬ አለው። 2003 ምንም አልመሰለውም፤ 2004፣ 2005፣ 2006 እየሠራ ነው፣ ወደ 4 ሚሊ ሜትር። 2007 ላይ ቀጠነ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ዓመት 1 ሚሊ ሜትር አልሞላም። ወንድሜ ይህን ካሳየሁት ጀምሮ ስልክ በደወለ ቁጥር "እኔስ ምን አልኩ" ሳይል አይዘጋም።

የድሬስደኑ ወንድሜ፣ ቧንቧው! በቤቱ በኩል ከ1991 እስከ 1998 ስምንት ቀለበቶች 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ከሌላው ዕጥፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረው። ስምንቱንም ለእናቴ በጣቴ አሳየኋት። ትንሽ አሰበችና "የልብስ ማጠቢያው እዚያ አልነበረም?" አለች። ነበር። ቧንቧው ቀን ከሌት ያነባ ነበር፣ ከሥሩም ጭቃ አይጠፋም ነበር። ሰርቪሱን ስንሠራ በ1998 ነው ያነሣነው። የአናጢውን ጥያቄም አልረሳሁም፦ አዎ፣ ወደ ቤቱ ትንሽ ዘንበል ያለ ነበር። ግን እነዚህ ስምንቱ ፈዛዞች ናቸው፣ ጠቆር አላሉም። ከ1970ዎቹ ያሉት ጥቂቶቹ ናቸው ጠቆር ብለው የሰፉት።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ "እና ቆፋሪውን ማን ላከው? ዓይን ነዋ" ብላ ቡናዋን ቀዳች።


የደን ሰው፣ ወንዶ ገነት

እጅሽ ይባረክ። ከተማሪዎቼ መሀል እንዲህ የሚያነብ ብዙ አላገኘሁም። ፈዛዛና ጠቆር ያለውን መለየትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ የመዘንበሉንና የውሃውን ስፋት ሌላ ሰው አንድ ላይ ይደምራቸው ነበር።

የመንገዱን ጎን በተመለከተ አልከራከርሽም፤ የዶማው እጅ ነው። በ2007 ላይ ግን ወንድምሽን ቆይ በይው። ግማሽ ሥሩን ያጣ ዛፍ ጤነኛ ዛፍ የሚሻገረውን ድርቅ አይሻገርም። ምናልባት ዛፉ በቀረው ጎን ለአራት ዓመት ተንጠልጥሎ ቆይቶ፣ ክረምቱ ሲሳሳ ተደፋ። ወይም ደግሞ ድርቁ ብቻውን ይበቃው ነበር። አንድ ቁራጭ ይህን አይለይልሽም። የሚለይልሽ በዚያው ሠፈር፣ በዚያው ዝናብ ያደገ፣ ሥሩ ግን ያልተነካ ጥድ ነው። በ2007 እሱም ቀጥኖ በ2008 እና በ2009 ካገገመ፣ ያንቺው ያላገገመው በቦዩ ምክንያት ነው። እሱም እንዳንቺው ቀጥኖ ከቀረ ወንድምሽ ይረታል። የቆመ ዛፍ ግን እንዳታስነኪ፤ የወደቀ ፈልጊ።


የሚዛን ሠራተኛ (ጠያቂ)

የወደቀ አለ፣ ጋሼ። ከቤታችን አሥር ደቂቃ ካለ ደብር ቅጥር ውስጥ ባለፈው ክረምት ነፋስ የጣለው ጥድ ተጋድሞ ይገኛል። ትናንት ሄጄ መምሬን ጠየቅኋቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና "ቅርንጫፉን ብትወስጂስ አይሆንም?" አሉ።


የደን ሰው፣ ወንዶ ገነት

ቅርንጫፍ አይሆንም፣ ዕድሜውም ከግንዱ ያንሳል፣ በራሱ ክብደትም ዘንበል ስለሚል ቀለበቱ የተዛባ ነው። ግንዱን፣ ከሥሩ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ፣ እንደ መጀመሪያው። ሳይቆረጥ በፊት የትኛው ጎን ወደ ሰሜን ይመለከት እንደነበር ከጉቶው አይተሽ ምልክት አድርጊበት፤ የወደቀበትን ቀንም ጠይቂያቸው። ክረምቱ መግቢያ ላይ ከወደቀ የውጪው ቀለበት ሙሉ አይሆንም፣ አንድ ዓመት ያሳስትሻል።


የሚዛን ሠራተኛ (ጠያቂ)

ነሐሴ 12 ነው የወደቀው፤ መምሬ ቀኑን አልረሱትም። ግንዱንም ፈቅደዋል፣ "ለደብሩ አንድ አግዳሚ ወንበር ይውጣበት እንጂ" ብለው። አሁን የጠፋው መጋዝ ነው።


አናጢ ነኝ

ሐሙስ ከ4 ሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። መጋዙንም ወንበሩንም ለእኔ ተዪው።